ግማሹ የት ሄደ?

ሰሊጥ ከጆንያ ወጥቶ ሸራ ላይ ሲፈስ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ዝናብ ልጀምር ወይስ ልተው እያለ ሲያመነታ ቆርቆሮ ላይ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በገበያው በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ነጋዴ ከኋላዬ ሰሊጥ ገለበጠች። እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጣብኝ ሽታ ግን የሰሊጥ አልነበረም። የኹምራ ሽታ ነበር፤ የሱዳን ሴቶች የሚቀቡት፣ ከሰንደልና ከቅመማ ቅመም የሚሠራው ያ ከባድ ሽቶ። ዘወር ብዬ ባይ በአካባቢው ኹምራ የተቀባ ሰው የለም። አፍንጫዬ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ።

ያደግሁት ገንዳ ውሃ ነው። አባቴ በአንድ ሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን ናሙና አውጪ ነበር። ጫፏ የሾለ፣ ሆዷ እንደ ቦይ የተቦረቦረ፣ ክንድ የምታህል ብረት ነበረችው። እሷን በጆንያው ጎን ይወጋና ጠምዘዝ አድርጎ ይስባታል፤ ሰሊጥ ይዛ ትወጣለች። ያመጣችውን ሸራ ላይ አፍስሶ በጣቱ እየገፋ ያያል። አሸዋ አለበት? የአምና ነው? ውሃ ነክቶታል? ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይወጋል፤ ከጆንያው አፍ ግን በጭራሽ አይወስድም፤ ሻጭ ሁሉ ጥሩ ጥሩውን ከላይ እንደሚያደርግ ያውቃላ። ከዚያ የተከመረውን በመዳፉ ጠርዝ ለሁለት ይከፍልና ግማሹን ወደ ጎን ይገፋል። የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል፤ አሁንም ግማሹን ይገፋል። እንዲህ እያለ እፍኝ የማትሞላ እስክትቀር ይወርዳል። ስለ ጭነቱ ሁሉ የምትመሰክረው ያቺ የቀረችው ናት።

ተጠራጣሪ ያደረገው ሥራው ይሁን ወይም ተፈጥሮው እንዲያ ስለሆነ ሥራው ፈልጎ አግኝቶት ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ሰው ሲያምን አይቼው አላውቅም። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ከሥሩ ያያል። «እንዴት አደርክ?» ያለውን ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ያጤነዋል። ሬዲዮኑ ስለ መልካም ዘር ሲያወራ «እነሱን ምን ቸገራቸው?» ብሎ ያጠፋዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የእሱና የእኔ ብቻ ስለሆነ፣ ከመጋዘን የተረፈው ጥርጣሬ ሁሉ ተጠቅልሎ ለእኔ ይመጣ ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ ጫማዬን ያያል፤ በየትኛው መንገድ እንደመጣሁ ከአቧራው ቀለም ይለይ ነበር። ሲያስቀኝም ሲያንገበግበኝም ኖሯል። ወዳጆቼ «የአንች አባት ፖሊስ መሆን ነበረበት» ይሉኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ያን ጊዜ ቆላው ይለወጣል። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃምና ከወሎ በመኪና ተጭነው ይወርዳሉ፤ የእኛም ክፍል ይራቆታል። ወንዶቹ ለአጨዳ፣ ሴቶቹ ለሠራተኛ ምግብ ሊያበስሉ እየሄዱ ዴስኩ ባዶውን ይቀራል። የኬሚስትሪ መምህራችን ለቀረነው ጥቂቶች ወርክሺት አደለንና «ሁለት ሁለት ሁናችሁ ሥሩ» አለን። የመጀመሪያው ገጽ የሪአክሽን፣ ሁለተኛው የራዲዮአክቲቭ ጥያቄ ነበር። እኔ የደረሰኝ ያ የገዳሪፉ ልጅ ነው።

የገዳሪፉ ልጅ የምንለው ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ስለተወለደ ነው። ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ እሱን ለትምህርት ብለው ወደ አክስቱ ልከውት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስብ ጠመኔውን ከንፈሩ ላይ የሚያስጠጋ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከንፈሩ ነጭ ነው። አማርኛው ከአረብኛ ጋር ይቀላቀልበታል። ጥያቄ ጨርሶ መልሱ ሲመጣለት «ኸላስ!» ይላል፣ በቃ ማለቱ ነው። ኢኩዌሽን ባላንስ ሲያደርግ የሚያህለው አልነበረም። እኔ ደግሞ ግማሽ ዕድሜ የሚሉት፣ ነገር በየጊዜው እየተጋመሰ የሚሄድበት ስሌት፣ ወዲያው ገባኝ፤ አባቴ ሸራ ላይ ሲከፍል እያየሁ ስላደግሁ ይሆናል።

እኛ ቤት ጠረጴዛ አልነበረም። የልጁ አክስት ገበያው ዳር ሱቅ ነበራት፤ የሱዳን ሳሙና፣ ብስኩት፣ ሽቶ ትሸጣለች። ከሱቁ በስተኋላ ጥላ ያለው በረንዳ፣ ጠረጴዛና ጠመኔ የሚቀበል የብረት በር ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ እናጠና ጀመር። በሩ ላይ እንጽፋለን፤ በእርጥብ ጨርቅ እናጠፋለን፤ ሙቀቱ ከመቅጽበት ያደርቀዋል። አክስቲቱ ከዕቃዎቿ መሐል ኹምራውን በትልልቅ ጠርሙስ እየቀዳች በትንንሹ ትሸጥ ነበር። ሽታው በረንዳውን ሞልቶት ይውላል። እኔ ለመድሁትና ጭራሽ አይሸተኝም ነበር።

አባቴ ግን ሸተተው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስገባ ከበርጩማው ሳይነሳ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ነይ እስኪ ወዲህ።»

ቀረብሁ።

«ይኸ የምን ሽታ ነው?»

«የምን ሽታ አባየ?»

«ኹምራ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ገዳሪፍ ስሠራ አውቀዋለሁ። ያገባች ሴት ናት የምትቀባው። ሙሽራ። አንች የት ነበርሽ?»

«ኬሚስትሪ ሳጠና ነዋ፣ አባየ።»

«ኬሚስትሪ የሙሽራ ሽታ አለው?»

እውነቱን ነገርሁት። ሱቁን፣ አክስቲቱን፣ ልጁን፣ ወርክሺቱን። እውነት ሲደረደር ውሸት ይመስላል፤ በራሴ ጆሮ እንኳ ስሰማው የተዘጋጀ ታሪክ መሰለኝ። አባቴ እስከ መጨረሻው አደመጠኝና «እሽ» አለ። የእሱ «እሽ» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

«ነገ መጥቼ አያለሁ። አንድ ውሸት ባገኝ፣ አንዲት ብቻ፣ ኮኪት አክስትሽ ዘንድ ነው የምትሄጅው።»

ኮኪት ከተማ ያለችው አክስቴ ለአጫጆች ድንኳን ተክላ ምግብ ታበስላለች። አንዲት ልጅ ኮኪት ገባች ማለት ከሩቁ ጥፋት አይመስልም፤ ለአንድ አጨዳ ይባላል። ከእኔ በፊት ከሰፈራችን የሄዱት ሁለቱ ግን ድስት ሲያማስሉ አንዱ ሾፌር ወይም አንዱ የእርሻ ኃላፊ አይቷቸው በዚያው ትዳር ይዘው ቀሩ። ወደ ክፍል የተመለሰች አላየሁም። መማር እፈልግ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ከሰዓት መጣ። ብረቷን እንደያዘ። ከመጋዘን በቀጥታ ስለመጣ ነው፣ ግን የገዳሪፉ ልጅ ይህን በምን ይወቅ? ሹል ብረት የያዘ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ብቅ ሲል ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«መርሃባ፣ ያ ዓም» አለ ደንግጦ። አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጡ ማለቱ ነው። አባቴ ሰላምታውን ትቶ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ የጨው ሪአክሽን ተጽፏል። የፈረንጅ ፊደል ባይለይም፣ ሁለት ፊደል፣ በመካከላቸው የመደመር ምልክት፣ ከዚያ ቀስት እንዳለ ግን ይታየዋል። ወጣቶች ዋርካ ላይ በቢላ የሚቀርጹት እንዲህ ያለውን ነው።

«ማንና ማን ናቸው?» አለ ብረቷን ወደ በሩ ቀስሮ።

«ሶዲየምና ክሎሪን ናቸው አባየ። ሲገናኙ ጨው ይሆናሉ።»

«ሲገናኙ» አለ አባቴ።

ልጁ ሊረዳኝ አስቦ «ወላሂ ጨው ነው!» ብሎ ማለ።

«በማን ነው የሚምለው ይኸ?»

አክስቲቱ ከሱቅ ወጥታ «እዚያ አድጎ ልማድ ሁኖበት ነው፣ እንግዲህ ይተዉት» ባትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ወንበር አቀረበችለት፤ ወንበሩን ነቅንቆ አይቶ ተቀመጠ። «ሥሩ» አለን። ሠራን። ወደ ራዲዮአክቲቩ ገጽ ተሻገርን፤ ልጁ አንዱን ጥያቄ ለአባቴ በአማርኛ አወራው። አንድ ነገር አለ፤ ስምንት ቀን ሲሞላው ግማሹ ይጠፋል፤ ሌላ ስምንት ቀን ሲሞላው ከቀረው ላይ ግማሹ ይጠፋል።

አባቴ ፊቱን አጨማደደ። «ግማሹ የት ሄደ?»

«የትም። በራሱ ነው የሚጠፋው።»

«ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም፣ ያ ዓም። ተፈጥሮው ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውዬ በራሱ የጠፋ ነገር አላየሁም» አለ አባቴና ተነሳ። «ከነገ ጀምሮ መጋዘን መጥታችሁ ነው የምታጠኑ። እኔ ፊት።»

ስለዚህ መጋዘን ገባን። ቆርቆሮ ጣራው በቀትር እሳት ነው፤ ከሰዓት ግን ከጆንያዎቹ መሐል ጥላ ይገኛል። ብርሃን በጣራው ቀዳዳዎች እየገባ ሸራው ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ክብ ይሠራል። ያን ወቅት ሳስብ ቀድሞ የሚታየኝ እነዚያ የብርሃን ክቦችና በውስጣቸው የሚንሳፈፈው የሰሊጥ ገለባ ነው። አባቴ በመሐላችን ይቀመጣል። እኔ በቀኙ፣ ልጁ በግራው። ስንነጋገር በእሱ ጉልበት ላይ አሻግረን ነው። ልጁን አንድ ነገር ለመጠየቅ ስፈልግ የአባቴን ትከሻ አልፌ ማየት ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ አባቴም አብሮኝ ዘወር ይላል።

ሪአክሽኑን ወደደው። ይህን ስነግራችሁ እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኘኛል። ልጁ በግራ በኩል የገባው ሁሉ በቀኝ በኩል መውጣት እንዳለበት፣ አንድ እንኳ ከጎደለ ኢኩዌሽኑ ስህተት እንደሆነ ሲያስረዳው አባቴ «ይኸማ ገቢና ወጪ ነው» ብሎ ደስ አለው። ልጁ አስቦ ሳይጨርስ አባቴ «ኦክስጅን ጎድሎሃል» የሚለው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምልክቱን በቅርጹ እየለየ መቁጠር ለምዶ ነው። የራዲዮአክቲቩ ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ያው ጥርጣሬ ይመለሳል። «እዚያኛው ገጽ ላይ ምንም አይጠፋም አላችሁኝ። እዚህኛው ላይ ግማሹ ጠፋ ትሉኛላችሁ። ከሁለት አንዱ ውሸት ነው። ግማሹ የት ሄደ?» ቤት ስንገባም ይጠይቀኛል። እራት ስናቀርብም ይጠይቀኛል። እኔም በደንብ ስላልተማርሁት የማስረዳው አላገኝም፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል ስለው «ምን ወደሚሉት?» ይላል። በመጨረሻ መምህራችንን ጠየቅሁት። አዮዲን ሲሆን ወደ ዜኖን ይለወጣል፣ ዜኖን አየር ነው አለኝ። ለአባቴ ነገርሁት።

«አየር?» አለ። «ታዲያ በመስኮት ወጣ በይኛ። ለምን አይዘጉትም መስኮቱን?»

አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። መጋዘኑ ውስጥ ተነስቶ ቆመና «እናንተ አንዳችሁ ያንዳችሁን ፊት እያያችሁ ነው የምትመልሱ» አለን። «ከአንድ ቦታ ብቻ ወግቼ ጆንያ ተቀብየ አላውቅም።» ልጁን ከጆንያው ክምር ወዲያ ማዶ ወሰደው፤ እኔን ከወዲህ አስቀመጠኝ። መሐላችን ላይ የሰሊጥ ግድግዳ ቆመ። ወርክሺቱን ዘርግቶ ገና ያልሠራነው ጥያቄ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ሰማንያ ግራም አዮዲን ይላል፣ በስምንት ቀን የሚጋመስ፤ ከሃያ አራት ቀን በኋላ። ለእያንዳንዳችን የካርቶን ቁራጭ ሰጠንና «አንድ ቁጥር ጻፉ። መልሳችሁ አንድ ከሆነ ተማሪዎች ናችሁ። ካልሆነ እዚህ ስትመጡ የከረማችሁት ለሌላ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ብቻ ጎንበስ ብሎ «ኮኪት የሚሄድ መኪና ነገ ጧት አለ» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። ሰማንያ ይጋመሳል፣ ይጋመሳል፣ ይጋመሳል። ከጆንያው ማዶ የልጁ ጠመኔ ካርቶን ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኸላስ» ሲል ሰማሁት። እኔም ጻፍሁ።

አባቴ ሁለቱን ካርቶን ይዞ ከጣራ የወረደው ብርሃን ሥር ቆመ። ቁጥር ያነባል። የአንዱን አየ፤ የሌላውን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲዘጋ አየሁት።

«አሥር» አለ። «ሰባ።»

ካርቶኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበ።

«እንዲያው ተቀራራቢ ቢሆን እንኳ ምን ነበረ» አለ፣ ድምፁ ከቁጣ ይልቅ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «በቃ። ሂድ አንተ ወደ አክስትህ።»

ልጁ ከማዶ እየሮጠ መጣ። «አሥር ነው፣ ያ ዓም! ወላሂ አሥር ነው፣ እሷም ታውቀዋለች!» አባቴ ብረቷን አነሳ፤ ሊመታው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው፣ ግን ልጁ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የኮኪት ድንኳን፣ ጭሱ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። ምን ብዬ እንደጀመርሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ጣሳውን አንስቼ ከተፈታ ጆንያ ሰሊጥ መጫር እንደጀመርሁ ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ አንች?»

«ይዩኝ አባየ። ዝም ብለው ይዩኝ።»

«አንድ ጣሳ አሥር ግራም ይሁን» ብዬ ስምንት ጣሳ ሸራው ላይ አፈሰስሁ። ያ ድምፅ ያኔ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። ክምሩን እንደ እሱ በመዳፌ ጠርዝ ለሁለት ከፈልሁና ግማሹን ወደ ጎን ገፋሁ። «ስምንት ቀን ሞላ» አልሁት። የቀረውን ከፈልሁ፤ ግማሹን ገፋሁ። «ሌላ ስምንት ቀን።» እንደገና ከፈልሁ፤ እንደገና ገፋሁ። «ሃያ አራት ቀን። ይኸ የቀረው የእሱ መልስ ነው፣ አሥሩ። ያ የተገፋው ደግሞ የእኔ ነው፣ ሰባው።»

አባቴ ተንበረከከ። ያመነ እንዳይመስላችሁ፤ ጣሳውን ተቀብሎ ሰፈረው። የቀረውን በጣሳው መለሰው፤ ልክ ሞላ። ወደ ጎን የተገፋውን አንድ፣ ሁለት እያለ ቀዳው፤ ሰባት ሆነ። ገልብጦ ደገመው። ላብ ከአባቴ አገጭ ላይ ወርዶ ሸራው ላይ ጠብ አለ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ የጣሳውን አፍ አያለሁ፤ አንድ እፍኝ ብትጎድል ወይም ብትተርፍ ሕይወቴ የሚለወጥ ይመስለኝ ነበር፣ ደግሞም ይለወጥ ነበር።

«ሁለቱ ሲደመሩ ሰማንያ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሰማንያ ነው።»

«የጠፋ የለም።»

«የለም አባየ። ወዲያ የተገፋው ሌላ ነገር ሆነ እንጂ አለ።»

እግሩን አጣጥፎ ሸራው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ፣ ያ የለመድሁት አስተያየት። «ጥያቄው ግን ስንት ይቀራል ነው የሚለው። እሱ እንዲያ ነው የመለሰው። አንች ያልተጠየቅሽውን ለምን ጻፍሽ?»

«እርስዎ ሲጠይቁኝ ሰነበቱ እኮ» አልሁት። «ግማሹ የት ሄደ እያሉ። የእርስዎን ጥያቄ ነው የመለስሁት።»

ሰሊጡን በጣቱ ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። አባቴ ዓይኑ እርጥብ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወዲያው ግን «ይኸ አቧራ» ብሎ በክንዱ ጠረገው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «አንተ፣ ውሃ ጠጣ፤ ከንፈርህ ነጭ ሁኗል» አለው። ጠመኔ መሆኑን ማናችንም አልነገርነውም። ማግሥቱ ጧት የኮኪቱ መኪና ያለ እኔ ሄደ።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ መጋዘን አጠናን። አባቴ ከመሐላችን አልተነሳም፤ ብቻ አንዳንዴ ወደ ኋላ ደገፍ ይል ጀመር። ሥራ ሲበዛበት ከሩቅ «ዛሬ ምን ጎደለ?» ብሎ ይጮኻል፤ «ሃይድሮጅን!» ብለን እንመልስለታለን። ተሸካሚዎቹ ይስቁብን ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አባቴ የተሳሳተው ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ያን ልጅ እወደው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተነካካንም፤ ከኬሚስትሪ ውጭም ያወራነው ጥቂት ነው። ግን «ኸላስ» ሲል ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቀኝ ነበር፤ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሬ የማየውም ሁልጊዜ ጥያቄ ኖሮኝ አልነበረም። አባቴ ያን ጆንያ ከላይም ከመሐልም ወግቶታል። ከታች መውጋቱን ተወው። ረስቶት ነው? ወይስ አውቆ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ልጁ በክረምቱ አባቱ ታሞ ወደ ገዳሪፍ ተመለሰ። አውቶቡስ ተራ ድረስ አልሸኘሁትም፤ አባቴ እያየ እንዴት? በአክስቱ በኩል ለመስከረም እንደሚመለስ ላከብኝ። አልተመለሰም። አክስቲቱም ሱቋን ዘግታ ሄደች። ዓመታት አልፈው፣ እኔ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ፣ ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሲነሳ ሰው በመተማ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ለዕረፍት ወርጄ ነበር። አባቴን ክሊኒክ አድርሼ ስንመለስ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ቆሜ፣ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ሳይ ያዘኝ።

«ምን ታያለሽ?» አለ።

«ምንም።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ቦታ ወግቶ ያወጣው ነበር። «እሽ» አለና ከአጠገቤ ቆመ። እስኪበቃኝ ቆመልኝ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።

ባለፈው ሳምንት ገበያው ውስጥ እግሬ ሲቆም ቅዳሜን መጠበቅ አልቻልሁም፤ ዓርብ ከሰዓት ክፍል ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ኬላ ላይ ቦርሳዬን ፈተሹት፤ ለአባቴ የገዛሁትን ሹራብ ወታደሩ ኪሱን ሁሉ ገልብጦ አየው። አባቴ ቢያየው ያመሰግነው ነበር ብዬ አሰብሁ። ገንዳ ውሃ ስንገባ ፀሐዩ ገና አልበረደም።

አባቴ አሁን አርጅቷል፤ መርሳት ከጀመረም ቆይቷል። መጀመሪያ የቅርቡን ረሳ፣ ከዚያ ከቀረው ላይ ደግሞ እየቀነሰ ሄደ። የምትጠብቀው ጎረቤታችን ቁጭ የሚልበትን መላ አግኝታለች፤ በረንዳው ላይ ቁራጭ ሸራ ዘርግታ ሰሊጥ ትሰጠዋለች። ሲከፍል፣ ሲገፋ፣ ሲከፍል ይውላል። እንደገባሁ ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምሁት። እግሩን ሰበሰበና ጫማዬን አየ።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ልጠይቅዎ መጣሁ።»

«ከነጋዴው ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እሽ» አለ። የድሮው «እሽ» ነው፤ አልተለወጠም። ከሸራው ማዶ ተቀመጥሁ። ከቤት ውስጥ የጎረቤታችን ድስት ክዳን ይንኳኳል። አባቴ ክምሩን በመዳፉ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ለሁለት ከፈለ፤ መስመሩ ዛሬም አልተዛነፈም። ግማሹን ወደ እኔ ገፋ።

«ይኸ ለእንግዳ ነው፤ ውሰጅ።»

የቀረውን በሁለት መዳፉ ሸፈነው።

«ይኸኛውስ የት ይሄዳል፣ አባየ?» አልሁት።

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። ለማያውቁት ሰው ምን ያህል መንገር እንደሚገባ እያሰበ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይኸ የልጄ ነው። ትምህርት ቤት ናት፤ ኬሚስትሪ። ስትመጣ ግማሹ የት ሄደ ብላ ትጠይቀኛለች፤ የጠፋ እንደሌለ ማየት አለባት።» ክምሩን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገው። «አንችም እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ።»

እጄን ሰበሰብሁ።